ክር ያዥ

ኅዳር 6

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም እዚያች አጭር ወንበር ላይ ተጎንብሰሽ የሰው ጥርስ ስትሠሪ ነው የምትውይው? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። ሳልመልስ የቆየሁት ንቄሽ እንዳይመስልሽ፤ ብዕር ሳነሳ የምጽፈው ነገር ይጠፋኛል። ስልክ ብታነሺ ኖሮ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር። አንቺ ግን ከቤት ከወጣሽበት ቀን ጀምሮ ከዚህ ቤት ሰው ጋር በስልክ አላወራም ብለሽ ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት ሆነሽ፤ ወረቀት አይጮኽም ትያለሽ። ይሁን፣ እንደ ጥንት ሰው በፖስታ እንጠያየቅ።

የአባባን ዕቃ ምን አደረግከው ላልሽኝ፣ ልብሱን ለሰው ሰጠሁ፣ የብየዳ መነጽሩንና ጓንቱን ጣልኩ። መርከቦቹን ግን አልነካሁም። አሥራ አንዱም እንደነበሩ ሳሎን መደርደሪያው ላይ ናቸው። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። "አባትህ መርከበኛ ነበሩ እንዴ?" ይሉኛል። ሰፈሩ ሁሉ ካፒቴን እያለ ይጠራው የነበረው ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን ወንዝ ማሻገሪያ ጀልባ ላይ ወጥቶ አንጀቱ እስኪወጣ እንዳስመለሰው ማን ይንገራቸው። ሠላሳ ዓመት የጀልባ ጥገና ግቢ ውስጥ ብረት በየደ እንጂ ማዕበል የሚባል ነገር አላየም።

ደስ የሚልሽ ወሬም አለኝ። እኔም ጀመርኩ። በእሱ ጠረጴዛ፣ በእሱ ሞርሳ፣ በእሱ ወረንጦ። አንድ ምሰሶ ያላት፣ ከክርኔ እስከ ጣቴ የምትደርስ ትንሽ መርከብ ናት። የሊፍት ጥገና ባልደረቦቼ ሰምተው በሹፈት ሊገድሉኝ ነው፤ "ሊፍቱ ሲቆምብህ በመርከብ ልታወርደን ነው?" ይሉኛል። አንድ ነገር ግን ቸገረኝ። ከሥር ያለው ወፍራም እንጨት፣ አባባ አከርካሪ ይለው የነበረው፣ ጣውላውን ስለጥፍበት ወደ አንድ ጎን ተጣመመብኝ። ምን ይሻለኛል? ከእሱ ጋር ብዙ የሠራሽው አንቺ ነሽ።

ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች። ሰሞኑን ስፌት ቤት አልገባችም፣ ትንሽ አሟት እቤት ናት። ልጃችን ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ፍንጭት ሆናለች፤ ስሟን ትተን ፍንጭት እያልን ነው የምንጠራት።

ወንድምሽ ሚስማር


ኅዳር 17

ይድረስ ለወንድሜ ለሚስማር፣

ሰላምታዬ ለአንተም ለቤትህም ይድረስ። ወገቤ እንዳለ ነው፣ ጥርስ የሚያስተክል ሰው ግን አልጠፋም።

አከርካሪው የተጣመመብህ ከአንድ ወገን ብቻ ስለለጠፍክ ነው። አንድ ጣውላ ከግራ፣ አንድ ጣውላ ከቀኝ፣ እንዲህ እያፈራረቅክ ነው የሚሄደው። አንዱን ጎን ጨርሰህ ወደ ሌላው ከዞርክ ኮላው ሲደርቅ ወደ ራሱ ይስበዋል። በፈላ ውሃ ነክረህ ሁሉንም ንቀልና እንደገና ጀምር። ሌላ መፍትሔ የለውም።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ክሩን ማን ይዞልሃል?

አንተ ከእኔ በሰባት ዓመት ስለምታንስ ሁሉንም ላታስታውስ ትችላለህ። ከግራ ሦስተኛዋ፣ ቀይ የተቀባችው፣ የኔ ናት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሻይ ይዤ ስሄድ ተደፋብኝ፣ አባባ ቅርቡ የነበረውን የብረት ዘንግ አነሳና እዚህ አንገቴ ሥር ያለውን አጥንት ሰበረው። ሐኪም ቤት "ከዛፍ ወድቃ ነው" አለ። በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ጣውላ ደረደረ፣ ከፊት ለፊቱ አስቀመጠኝና ክር አስያዘኝ። "ወጥረሽ ያዢ" አለኝ። ሸራው የሚታሰርበት ክር ነው፣ አንድ ሰው ጫፉን ካልያዘው ይላላል። በአንድ እጄ ያዝኩለት፣ ሌላው እጄ ደረቴ ላይ ታስሮ ነበር።

ሕጉን አንተም ታውቀዋለህ። የተመታው ሰው ክር ይይዛል። ክር ተይዞ ስለተደረገው ነገር አይወራም። መርከቡ አልቆ መደርደሪያ ላይ ሲወጣ ነገሩ ተዘጋ። አባባ "ይቅርታ" ሲል በጆሮዬ ሰምቼ አላውቅም፤ ከዚያ ይልቅ አራት ወር ቁጭ ብሎ እንጨት መሞረድ ይቀለው ነበር። እንግዳ መጥቶ መደርደሪያውን ሲያደንቅ እኔ የተመታንበትን ቀን ነበር የምቆጥረው። ሁለቱ የእማዬ ናቸው፣ አራቱ የእኔ፣ አራቱ ደግሞ የአንተ፤ የአንተዎቹን አንተ ታውቃቸዋለህ። አንዱ ይቀራል፣ እሱን ዛሬ አልጽፈውም።

እና ሚስማር፣ በዚያ ቤት ሰው ዝም ብሎ መርከብ ጀምሮ አያውቅም። ማንን መታህ?

እህትህ


ኅዳር 29

ይድረስ ለእትዬ፣

ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ዓለም ላይ ስንት ሰው መርከብ ይሠራል? ሐኪሙ፣ አስተማሪው፣ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ። ሁሉም ሚስቱን ደብድቦ ነው የሚሠራው? አንዳንዱ እኮ ዓሣ ማጥመድ ይወዳል፣ አንዳንዱ ርግብ ያረባል፣ እኔ መርከብ ወደድኩ። ክሩን የያዘልኝ የልብስ መቆንጠጫ ነው፣ ብትፈልጊ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።

ይህን ከጻፍኩ ሦስት ቀን ሆነኝ። ቀድጄ ልጥለው ነበር፣ ተውኩት።

ከባለቤቴ ጋር ትንሽ ነገር ነበር። ትንሽ ነው የምልሽ። ቀኑን ሙሉ የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ በቀበቶ ተንጠልጥዬ ውዬ መጣሁ፣ አንድ ነገር ብጠይቃት አንድ ቃል መለሰችልኝ። ቃሉ ምን እንደነበረ እንኳ አሁን ትዝ አይለኝም። እጄ ቀደመኝ። አለቀ። መቆንጠጫ ያልኩሽም ውሸት ነው፤ ክሩን የያዘችልኝ እሷ ናት። መርከቧ ቅዳሜ መደርደሪያው ላይ ወጣች፣ አሥራ ሁለት ሆኑ። ነገሩ ተዘግቷል፣ አንቺም አትክፈቺው።

አሁን ትልቁን መጀመር እፈልጋለሁ። መሐል ላይ ያለውን፣ ባለ ሦስት ምሰሶውን። ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው እሱን ነው። እሱን የመሰለ በራሴ እጅ ብሠራ ደስታዬ ወሰን የለውም። ንድፉን ከቤት ስትወጪ አንቺ ይዘሽው እንደሄድሽ አባባ ነግሮኛል፤ እስኪሞት ድረስ ሲያማሽ ነበር። ላኪልኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 4

ሚስማር፣

ሰላምታ ዛሬ የለኝም። ባለቤትህ በሕይወት አለች? ደህና ናት ብለህ እንዳትጽፍልኝ፣ የአንተን "ደህና" አላምነውም። በገዛ እጇ አንድ መስመር ጽፋ ላክልኝ።

ባለፈው ያልጻፍኩልህን ዛሬ ልጽፈው ነው። እማዬ ከደረጃ ወድቃ አልሞተችም። እሁድ ነበር፣ ምሳ ላይ። አንተ የሦስት ዓመት ልጅ ነህ፣ ጓዳ ተኝተሃል። ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ ጀመረ። እኔ ጠረጴዛው ሥር ነበርኩ፣ እሱ መጮህ ሲጀምር የምገባው እዚያ ነው። ከዚያ ሆኜ ያየሁት ጫማውንና የእሷን ፊት ነው፤ ፊቷ ወለሉ ላይ ነበርና። በጫማው ሲመታት ቆጥሬአለሁ፣ ዘጠኝ ጊዜ። እሷ እኔን ታየኛለች፣ በጣቷ ወደ ኋላ ሂጂ ትለኛለች። ከዚያ ሞርሳው አጠገብ ያስቀመጠውን መዶሻ አነሳ። በመዶሻው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታት።

ከዚያ ተሸክሟት ሄዶ ደረጃው ሥር አስተኛት። አንድ ጫማዋን አወለቀና ሦስተኛው ደረጃ ላይ አስቀመጠው። ወለሉን ወለወለ። ከዚያ ጎረቤት ጠርቶ አለቀሰ። ልቅሶው እውነት ነበር ሚስማር፣ እስከ ዛሬ የማይገባኝ እሱ ነው። ግድግዳውን በጭንቅላቱ እየመታ ነው ያለቀሰው።

በቀብሯ ሳምንት ባለ ሦስት ምሰሶውን ጀመረ። እሷ ስለሌለች ክሩን እኔ ያዝኩ። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ፈጀ። ንድፉን ይዤ የወጣሁት ሁለተኛ እንዳይሠራው ነው። አሁን አንተ ላኪልኝ ትለኛለህ።

መስመሩን እጠብቃለሁ።

እህትህ


ታኅሣሥ 15

ለእትዬ፣

መጀመሪያ የጠየቅሽኝ። ታች ያለው የባለቤቴ ጽሑፍ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። አታስቢ።

ይኸው፣ በሕይወት አለች። ፊደሉ የተንጋደደው በግራ እጇ ስለጻፈችው ነው፤ ቀኙ ጄሶ ውስጥ ነው። ቁም ሳጥን በር ተዘግቶባት ነው። ይህን ሳትጠይቂኝ ነው የምነግርሽ፣ ነገ ፊደሉን መርምረሽ ሌላ ነገር እንዳታወሪ።

እሺ። በሩ በራሱ አልተዘጋም።

ግን እማዬን በተመለከተ ዋሽተሻል። ወይ አልመሽ ነው። አባባ ይመታን ነበር፣ አልካድኩም፣ የማይመታ አባት የታለ? አብልቶ አልብሶ አሳድጎናል። ሰው ገዳይ ነበር እያልሽኝ ነው። ሰባት ወር ነው ከሞተ፣ አፈሩ እንኳ አልደረቀም። አጠገቤ ብትሆኚ ኖሮ ይህን ቃል ከአፍሽ ጋር አንድ ላይ ነበር የማወጣልሽ። በወረቀት መጻፍሽ ጠቀመሽ።

ጫማው ሦስተኛው ደረጃ ላይ እንደነበረ ግን ከጎረቤታችን ከአትክልተኛው ሰምቻለሁ። ለምን አንድ ጫማ ብቻ እንደነበረ ጠይቄው አላውቅም። አሁንም አልጠይቀውም።

ንድፉን ላኪ። ካልላክሽ ያለ ንድፍ በዓይኔ እያየሁ እሠራዋለሁ። እጄ ሥራ ሲይዝ ሰላም ነኝ፣ ሥራ ሲፈታ ነው የሚያስቸግረኝ። ይህን ቤታችን ውስጥ ካለነው በላይ የሚያውቀው የለም።

ሚስማር


ታኅሣሥ 24

ለወንድሜ፣

የባለቤትህ መስመር ደረሰኝ። አመሰግናለሁ። ስለ እማዬ የጻፍኩትን ለጊዜው ተወው። አሥር ዓመቴ ነበር፣ ከጠረጴዛ ሥር የሚያይ ልጅ ምን ያያል? ልሳሳት እችላለሁ። አንተንም ሳላስበው አስቆጣሁህ፤ አጠገብህ ብሆን ኖሮ ፊትህን ስሜ እታረቅህ ነበር።

ንድፉ አራት ወረቀት ነው። የመጀመሪያውን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፣ አከርካሪውና ጎድኖቹ ናቸው። እሱ ሳያልቅ ሁለተኛው አይጠቅምህም፣ ስትጨርስ ጻፍልኝና እልካለሁ። ጎድኖቹ አርባ ሁለት ናቸው። በቀን ከአንድ በላይ አትቁረጥ። እያንዳንዱን ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለስክ ከንድፉ ጋር አስተያየው፤ አንዱ በፀጉር ስፋት ከበለጠ ጣውላው ሲለጠፍበት ያብጣል። ጣውላውን ከመለጠፍህ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ውሃ ውስጥ ይዋል። አትቸኩል። አባባ ይህን መርከብ ሲሠራ ቸኩሎ አያውቅም። ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ ጠረጴዛው ላይ መርከብ ባለበት ጊዜ ያ ቤት ጸጥ ያለ ነበር።

ለባለቤትህ ሰላም በልልኝ። ፍንጭትን ሳምልኝ።

እህትህ


ጥር 16

ይድረስ ለውድ እትዬ፣

ደግ እህት ነሽ። ያን የመሰለ ነገር ጽፌልሽ ቂም ሳትይዢ ንድፉን መላክሽ አሳፈረኝ። በቀን አንድ ብትይኝም ሌሊት ጭምር እየቆረጥኩ አርባ ሁለቱንም ጎድኖች አቁሜአለሁ። ከፊት ሲያዩት የዓሣ አጥንት ይመስላል። አንድም የተጣመመ የለም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክር እየወጠርን ነው የለካነው።

"እየወጠርን" ያልኩሽ ባለቤቴ ስለያዘችልኝ ነው። አላስገደድኳትም፣ ራሷ መጥታ ተቀመጠች። በግራ እጇ ነው የምትይዘው፤ ቀኙ ጄሶው ተነስቶለታል፣ ሁለቱ ጣቶች ግን ገና አልታጠፍ ብለዋታል። አታወራም። አባባ ፊት እኛም አናወራም ነበርና አይገርመኝም። እጄን ካነሳሁባት አንድ ወር አለፈ፤ እውነቴን ነው፣ ጠይቂያት።

ፍንጭት አገጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ስታይ ነው የምትውለው። የማትጠይቀው ነገር የለም። "አባ፣ ለምንድን ነው ክሩን እማ የምትይዘው?" አለችኝ። ሥራው እንደዚህ ነው የሚሠራው አልኳት። ከዚያ ወዲያ ከእናቷ የስፌት ሳጥን ውስጥ ክር እየሰረቀች ነው፣ የወንበር እግር ለእግር ታስራለች። አንድ ቀን ሽንት ቤት ልሄድ ብዬ ተጠልፌ ልፈጠፈጥ ነበር።

ሁለተኛውን ወረቀት ላኪልኝ። ስፌት ቤት ለባለቤቴ አለቃ ከላክሽው ጨርቅ ለፍንጭት ቀሚስ ተሰፍቶላታል፣ እግዜር ይስጥሽ።

ወንድምሽ ሚስማር


ጥር 28

የት ናቸው?

ከሥራ ስመለስ በሩ ተቆልፏል። የልጄ ጫማ የለም። የእሷ ትልቁ መቀስ የለም። ቀሚሷን ትታ መቀሷን ይዛ የሄደች ሴት ተመልሳ አትመጣም፣ ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም።

ስፌት ቤት ሄድኩ። አለቃዋ ሴትዮ ዓይኔን ማየት ፈራች፣ ያኔ ገባኝ። ጨርቁ። ጨርቁ ውስጥ ደብዳቤ ነበር አይደል? እኔ ጎድን ስቆጥር አንቺ የአውቶቡስ ሰዓት ትቆጥሪ ነበር። የሴትዮዋን መስፊያ ጠረጴዛ ከነማሽኑ ገለበጥኩት። በዚያ ሲያልፍ የነበረው አትክልተኛው ሊገላግል ገባ፣ አፍንጫውን ሰበርኩት፤ ሽማግሌ ነው፣ ስሙን ሲጠሩት እንኳ የሚደነግጥ ሰው። አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ ደሙን በባርኔጣው እየያዘ "ልክ አባትህን" አለኝ።

ቤት ገባሁና መዶሻውን አነሳሁ። የትኛውን መዶሻ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከቀይዋ ጀመርኩ፣ የአንቺ ናት ስላልሽ። አሥራ ሁለቱንም። ገና አከርካሪና ጎድን የሆነውን አዲሱንም። ባለ ሦስት ምሰሶውን መጨረሻ ላይ ነው የመታሁት፣ በአንድ ምት ለሁለት ተከፈለ። ውስጡ ባዶ ነው። ምን እንደጠበቅሁ አላውቅም፣ ባዶ ነው።

አንቺ ሌባ ነሽ። መጀመሪያ ንድፍ ሰረቅሽ፣ አሁን ሚስትና ልጅ። እመጣለሁ። የሊፍት በር በሁለት ጣቱ የሚከፍት ሰው የእንጨት በር አያቅተውም። መዶሻውን ይዤ ነው የምመጣው።


የካቲት 8

ይድረስ ለወንድሜ፣

እኔ ጋ ናቸው። የት እንደሆኑ እንድትጨነቅ አልፈልግም፤ ፖሊስ ጣቢያው ግን ያንተን የጥር 28 ደብዳቤ ግልባጭ ይዟል፣ ይህንንም እወቀው።

ንድፉን የላክሁልህ እንድትሠራ ሳይሆን እንድትቆይ ነው። አባባ ጠረጴዛው ላይ መርከብ እያለ በማንም ላይ እጁን አያነሳም ነበር፤ አንተም የእሱ ልጅ ነህ፣ አታነሳም ብዬ ተወራረድኩ። አራቱን ወረቀት ከፋፍዬ አንድ ዓመት ላቆይህ አስቤ ነበር፣ የባለቤትህ ጣት ሳይድን አውቶቡስ ላይ እንድትወጣ አልፈለግኩም። እማዬን ልሳሳት እችላለሁ ያልኩህም ውሸት ነው። አልተሳሳትኩም። ስለዋሸሁህ ይቅርታ አድርግልኝ። ስለወሰድኳቸው ግን ይቅርታ አልጠይቅህም።

ባለቤትህ ስትመጣ አፏን በሻርፕ ሸፍና ነበር። በዚህ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ ስለ እጇ ነግረኸኛል፣ ስለ ጥርሷ አንድ መስመር አልጻፍክም። የላይኛው ሁለት፣ ከሥሩ ተሰብሯል። ጥርስ ሠሪ እህት እያለህ መደበቅህ ራሱ ይገርማል። በዚያው ወንበሬ ላይ ተጎንብሼ ሠራሁላት፣ ያለቀለት ነው፣ ማንም አይለየውም። ስትስቅ ግን እስካሁን እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። ሁለቱ ጣቶች አይታጠፉም። መቀሷን በግራ መያዝ እየተለማመደች ነው።

አሁን ደግሞ ራሴን ልንገርህ። በሠርግህ ቀን ያንን የሒሳብ አስተማሪ ለምን አላገባሽውም ብለህ ጠይቀኸኝ በሳቅ አለፍኩህ። በካውያ ነው የመታሁት። ሸሚዝ እየተኮስኩ ሳለ አንድ ቃል መለሰልኝ፣ ልክ እንዳንተዋ። ቀኝ ጆሮው ደነቆረ። አየህ፣ እኔም የዚያ ቤት ልጅ ነኝ። በማግስቱ ጣውላ ገዝቼ መጣሁ። ክር የሚይዝልኝ ስላልነበረ በሩ እጀታ ላይ አሰርኩት። አራት ወር ሠርቼ በሚያምር ሳጥን ላክሁለት። መልሶ ላከልኝ። ላዩ ላይ "ይሄ ምንድን ነው?" የሚል ወረቀት ለጥፎበታል። እውነቱን ነው፣ የእኛ ቤት ሰው ያልሆነ በምን ይገባዋል? ሄጄ ቃሉን ለመናገር ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። በግራው በኩል ዞሬ ነው የነገርኩት፣ በቀኙ አይሰማማ። "ሰማሁ" አለኝ። ሌላም አልጠበቅሁም። መርከቡ አልጋዬ ሥር ነው፤ እንዳልረሳ እንጂ እንዳደንቀው አይደለም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ ያለፈው ሐሙስ ስለሆነው ነገር ልነግርህ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሥራ ተመለስኩ። እናትየው እላይ ጣራው ላይ ልብስ ልታሰጣ ወጥታለች። ፍንጭት ከጎረቤታችን ከጫማ ሠሪው ልጅ ጋር እኔ ክፍል ውስጥ ናት። የጫማ ሠሪው ልጅ ቅንድቧ ተሰንጥቆ ደም በጉንጯ እየወረደ አንገቷ ውስጥ ይገባል። በእንጨት ማስመሪያ ነው የመታቻት፣ በቀለም ተጣልተው። ፍንጭት አልሸሸችም፣ አላለቀሰችም። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት የሳጥን ስባሪ በኮላ አጣብቃለች። ልጅቱን ከፊት ለፊቷ አስቀምጣ የክሩን ጫፍ አስይዛታለች። "ወጥረሽ ያዢ" ትላታለች። ያቺም እያለቀሰች ወጥራ ይዛለች።

ስድስት ዓመቷ ነው ሚስማር። አባባ ክር ሲያስይዝ አንድ ቀን አላየችም።

ክሩን በመቀስ ቆረጥኩት። የልጅቱን ቁስል አጠብኩና ፍንጭትን ይቅርታ በያት አልኳት። ዓይኗን ትልቅ አድርጋ አየችኝ። "መርከቡ ሲያልቅ" አለችኝ። አሁን በያት አልኳት። "መርከቡ ካለቀ ይበቃታል እኮ" አለች። ለአንድ ሰዓት ያህል ታገልን። ቃሉን አታውቀውም ማለት አይደለም፣ ብርጭቆ ሲወድቅባት ትለዋለች፤ ሰው መትታ የሚባል መሆኑን ነው የማታውቀው። በመጨረሻ ጫማ ሠሪው በር ላይ፣ አባትየው ፊት፣ ቃሉን ለልጅቱ አለቻት። እያንቀጠቀጣት ነው ያለችው። ለመምታት ግን አላንቀጠቀጣትም።

እዚህ መርከብ እንዳትልክ። ሰብሬዋለሁ ያልከውንም ጠግነህ እንዳትልክ። ለባለቤትህ የምትለው ካለህ ቃሉን በወረቀት ጻፍ። አትክልተኛውንም ቤቱ ሄደህ በለው፣ ደጃፉ ያለው ሁለት ደረጃ ብቻ ነው።

እህትህ


የካቲት 25

ይድረስ ለእትዬ፣

ከአትክልተኛው ልጀምር። ሄድኩ። በሩን አልከፈተልኝም። በመስኮቱ በኩል ነገርኩት፣ ፋሻው አፍንጫው ላይ ነው፣ ሰምቶ መጋረጃውን ዘጋ። እማዬ የሞተች ቀን መጀመሪያ የደረሰው እሱ እንደነበረ ትዝ አለኝ። ስለ ጫማው ልጠይቀው ነበር፣ አልጠየቅሁትም፤ አያስፈልገኝም፣ አምኜሻለሁ።

ፖስታው ውስጥ ሌላ ትንሽ ፖስታ አለ፣ የባለቤቴ ነው። አታንብቢው። ከጠዋት እስከ ቀትር ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብዬ አራት ወረቀት ቀደድኩ፣ አምስተኛው ነው የቀረው። ቃሉ አንድ ነው፣ ግን በዙሪያው ሰበብ እየጨመርኩ አስቸገረኝ፤ ሊፍቱን፣ ድካሙን፣ አባባን። ሁሉንም አወጣሁት። እንድትመለስ አልጠየቅኳትም። ከፖስታው ጋር ምንም የተሠራ ነገር የለም፣ ወረቀት ብቻ ነው።

ጠረጴዛውን አፍርሼዋለሁ። መዶሻውን ግን አልጣልኩትም። ለምን እንዳልጣልኩት ስለማላውቅ ነው የምነግርሽ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄጄ ተመልሻለሁ። አንዴ ልጄን ለማየት ብዬ ነው። አንዴ ለምን እንደሆነ አልጽፈውም።

ከመጣሁ በሩን አትክፈቺ። ፍንጭትን እየጠራሁ ብለምንሽ እንኳ አትክፈቺ። ቃሉን በር ላይ ተንበርክኬ ብናገር፣ ጭንቅላቴን ከግድግዳው እያጋጨሁ ባለቅስ እንኳ አትክፈቺ። እውነት እያለቀስኩ ሊሆን ይችላል። አባባም ልቅሶው እውነት ነበር ብለሽኛል።

ፍንጭትን ሳሚልኝ። በመስኮት በኩል እንኳ እንዳታሳዪኝ።

ወንድምሽ